የማይመለሰው ፈረስ

ዳግኒ ብዙ ፈረስ አሠልጥናለች። ዓይኑን ለማየት ያፈረችው ግን የፍሎኪን ብቻ ነው። ፍሎኪ ምን አደረጋት? ምንም። ጥፋቱ የኡልፋር ፈረስ መሆኑ ነው። ኡልፋርን ደግሞ ባለፈው መስከረም፣ የሸለቆው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በአደባባይ ክዳዋለች።

ነገሩ የሆነው በጎች በሚለዩበት ቀን ነው። በጋውን ተራራ ላይ ተለቀው የከረሙት በጎች ተነድተው ይወርዱና በትልቁ የድንጋይ በረት ውስጥ ለየባለቤታቸው ይለያሉ። የዚያን ቀን በሰሜን አይስላንድ ቤቱ የሚቀር ሰው የለም፤ ሰው ይዘፍናል፣ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ ትኩስ የበግ ሾርባ በኩባያ ይጠጣል። ዳግኒ ከአባቷ ከቶርጌር እንግዶች ጋር ቆማ ነበር። እንግዶቹ ከዋና ከተማው የመጡ፣ ከአባቷ በየዓመቱ ፈረስ የሚገዙ፣ ለዚያ ቀን ብለው አዲስ ቦት ጫማ የገዙ ሰዎች ናቸው። ኡልፋር ከዓሣ ፋብሪካው እንደወጣ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ በሁለት እጁ ሁለት ኩባያ ሾርባ ይዞ በሰው መሐል እየተሹለከለከ ወደ እሷ መጣ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ኤዳ የምትባለው ጠበቃ፣ አየችውና ዳግኒን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ይሄ መልከ መልካም ማነው? ጓደኛሽ ነው?»

ዳግኒ ጃኬቱን አየች። እጅጌው ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል። የቅርፊቱ ነገር እንዴት እንዳሳፈራት ዛሬ ስታስበው ለራሷም አይገባትም።

«አይ፣ ምን ጓደኛ! ፈረስ ስንጭን የሚያግዘን ልጅ ነው» አለች። አልፋ ተርፋም ሳቀች።

እስከ ዛሬ የሚያቃጥላት ያ ሳቅ ነው። ያን በጋ፣ ከድርቆሽ አጨዳው ጀምሮ፣ ሰው ሳያውቅ ሲዋደዱ ነበር። «ትንሽ ቆይተን እንነግራቸዋለን» ስትለው እሱም አምኗት ዝም ይል ነበር። አሁን ግን ሰምቷታል። አንዱን ኩባያ የድንጋዩ አጥር ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ሄዶ የአባቷን ፈረሶች መኪና ላይ መጫን ጀመረ። ልክ እሷ እንዳለችው። የመጨረሻውን ፈረስ ጭኖ መዝጊያውን ዘጋና በእግሩ ወደ መንደር ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስትደውልለት አላነሳም፤ እሷም ሁለት ሦስቴ ሞክራ ተወችው። የይቅርታ መልእክት ጽፋ ታጠፋው ነበር፤ የምትጽፈው ሁሉ ሲነበብ ሰበብ ሰበብ ይሸታል።

በየካቲት፣ በረዶ የዘጋው መንገድ በተከፈተ ማግስት፣ ኡልፋር በሯን አንኳኳ። ከስቷል። ጓንቱን አውልቆ እያፍተለተለ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ።»

«አልቆይም። ፍሎኪን ሸጥኩት። ለጀርመኖች።»

ዳግኒ የበሩን እጀታ ያዘች። ከአይስላንድ አንዴ የወጣ ፈረስ ተመልሶ መግባት አይችልም፤ በሽታ ይዞ እንዳይመጣ ሕጉ ይከለክላል፣ ይህን እዚያ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። ፍሎኪን ያሳደገችው የኡልፋር እናት ዮሩን ናት፤ ያረፈችው ከሁለት ዓመት በፊት ሲሆን መሬቷ ለዕዳ ሲሸጥ ለልጇ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

«ፈረስ የሚጫንበት ተጎታች ላይ አይወጣም» ሲል ቀጠለ ኡልፋር፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ታውቂያለሽ፣ ውርንጭላ ሳለ ከመንጋው ጋር እየተገፋ ሲጫን ወድቆ ሌሎቹ ረግጠውታል። እስከ ሚያዝያ ካላስለመድሽልኝ ከዚህ አይንቀሳቀስም። ሌላ የሚችለው ሰው ቢኖር ባልመጣሁ ነበር።»

«አንተስ?»

«እኔም አብሬው እሄዳለሁ። የገዙት ሰዎች ጋ ሥራ አግኝቻለሁ።»

ዳግኒ «ተው፣ አትሽጠው፤ አትሂድ» ልትል አፏን ከፈተች። ግን በምን አፏ? ምኔ ነው ብላ? በረቱ ላይ ያለችውን ብላ ስታበቃ ዛሬ ተነስታ ቅር ልትል ነው?

«እሺ፣ አምጣው» አለች።

ኡልፋር ቀና ብሎ አያት። ሌላ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ጥቂት ቆየ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» አላት፣ ለባንክ ሠራተኛ በሚባል ድምፅ። በሩ ሲዘጋ ዳግኒ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች።

የአባቷን ተጎታች ከመኪናው ፈትታ ሜዳው መሐል አቆመችው፤ ከኋላም ከፊትም ደገፈችው፣ ሲረገጥ እንዳይወዛወዝ። መወጣጫውን ዘርግታ ድርቆሹን ጫፉ ላይ አስቀመጠች። የሸለቆው ሰው ፈረስ ሲጭን ዘዴው አንድ ነው፤ ሰብስቦ ከኋላ «ሄይ! ሄይ!» እያሉ መንዳት ነው፣ አንዱ ከገባ ሌላው ይከተላል። አባቷም ይህንኑ መከራት።

«አንዷን አሮጊት ባዝራ አስቀድመሽ አስገቢ፣ ተከትሏት ካልገባ ሪዜን ቁረጪ!»

«ጀርመን ድረስ ባዝራዋ አብራው አትሄድም አባዬ። ብቻውን መግባት አለበት።»

«ታዲያ እስኪገባ እኛ እናረጃለና» አለና እየሳቀ ሄደ።

ፍሎኪ አመድማ ነው፤ ጋማው እስከ አፍንጫው ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መወጣጫው ላይ ኮቴውን ሲያሳርፍ እንጨቱ ድም ይልና አንኮራፍቶ ወደኋላ ይስፈነጠር ነበር። ዳግኒ ገመዱን አልጎተተችበትም። ሲሸሽ አብራው ትሄዳለች፤ ሲቆም ትቆማለች፤ ራሱ ሲመለስ ግንባሩን ታክለታለች። ዋናው ነገር መግባት ሳይሆን መውጣት እንደሚችል ማወቁ ነው። በፈለገ ሰዓት ወጥቶ መሄድ እንደሚችል ያመነ ፈረስ አይሸሽም።

ኡልፋር ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ እየመጣ አጥሩን ተደግፎ ያያቸው ነበር። አይናገርም። አንዳንዴ የደረቀ ዓሣ ቅቤ ቀብቶ እያኘከ፣ አንዳንዴ ባዶ እጁን። ዳግኒ ጀርባዋን ሰጥታው እንኳ ሲያያት ይታወቃታል፤ አንገቷ ይሞቃል። እየመጣ የሚቆመው ፈረሱን ሊሰናበት ነው ብላ አሰበች። እኔን ሊያይ ነው ብላ ማሰብማ ድፍረት ነው።

አንድ ቀን ፍሎኪ አራቱንም እግሩን አስገባ። ገብቶ ውስጥ ያለውን ድርቆሽ ኮርሸም ኮርሸም ማድረግ ጀመረ። ዳግኒ ማድረግ የነበረባት ግልጽ ነው፤ ማመስገንና ቀስ ብሎ ማስወጣት። የትኛውም አሠልጣኝ ፈረስ በገባበት ቀን አይዘጋበትም። እሷ ግን አጥሩ ጋ ኡልፋር ቀና ሲል አየችና ልቧ ሞቅ አለ። ይየኝ አለች። የምችለውን ይየኝ። ዞራ የብረት መቀርቀሪያውን ከኋላው ወረወረችው።

ብረቱ ቀጭ ሲል ፍሎኪ አበደ። ወደኋላ ተወርውሮ ዳሌው ብረቱን መታው፤ ተጎታቹ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። እሷ ተንደርድራ ብረቱን ስታነሳ እንደ ጥይት ወጥቶ መወጣጫው ላይ ተንሸራተተ፣ ወደቀ፣ ተነስቶ ሜዳው ጥግ ድረስ ጋለበ። ቋንጃው ተልጦ ደም ይወርደው ነበር።

ኡልፋር አጥሩን ዘሎ ወደ ፈረሱ ሄደ። ቆሞ ጠበቀው፣ ያዘው፣ ቁስሉን በሻርፑ ጠረገለት። ዳግኒ አጠገቡ ደረሰች።

«የተረጋጋ መስሎኝ ነው» አለች።

«አልመሰለሽም። ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።» ድምፁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻላት። «ሰው ሲያይሽ ሌላ ሰው ትሆኛለሽ፣ ዳግኒ። ብቻሽን ስትሆኚ እኮ እንዲህ አይደለሽም።»

የሚያወራው ስለ ፈረሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባት። ፈረሱን እየሳበ ሲሄድ እሷ ባዶ ገመድ ይዛ ቆማ ቀረች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ነደደ።

ከዚያ በኋላ የሠራችውም ሞኝነት ነው። አባቷን ለመነችው፤ ፍሎኪን ግዛልኝ አለችው። ቶርጌር ጥሩ ፈረስ አይጠላም፣ ሄዶ ጠየቀ። ሲመለስ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ቡና ቀዳ።

«ምን አለህ?»

«ለጀርመኖቹ ቃሌን ሰጥቻለሁ አለኝ፤ እሱስ ይሁን። ከዚያ ደግሞ 'ፈረስ ሲጫን የሚያግዘው ልጅ የሚጫን ፈረስ እንጂ የሚሸጥላችሁ ፈረስ የለውም፣ ለልጅህ ንገርልኝ' አለኝ። ምን ማለቱ ነው? ተጣልታችሁ ነው እንዴ?»

ዳግኒ ሳህን ልታጥብ ተነሳች። ሳህኖቹ ታጥበው ነበር። አባቷ ጀርባዋን ትንሽ ሲያይ ቆይቶ ኩባያውን ይዞ ወጣ፤ እሷም ልንገረው አልንገረው ስትል የመናገሪያው ሰዓት አለፈ።

እንደገና ከመወጣጫው ጫፍ ጀመረች። አሁን ማንም አየ ማንም አላየ ለውጥ የለውም፤ ዓይኗ ፈረሱ ላይ ብቻ ሆነ። ፍሎኪ ይቅር ለማለት ከሰው ይፈጥናል። በረዶው ቀልጦ ሜዳው ጭቃ ሲሆን እየገባ መውጣት ለመደ፤ በኋላም ብረቱ ሲዘጋ ጆሮውን ብቻ ቀሰር አድርጎ ድርቆሹን መብላት ያዘ። ዳግኒ አንገቱን አቅፋ ጋማው ውስጥ ፊቷን ትደብቅ ነበር። ሥራዋ በተሳካ ቁጥር መሄጃቸው ይቀርባል። አምኗት ይገባል፤ የምታስገባው ግን ወደማይመለስበት አገር ነው። እንዲህ ያለ እምነት ሲሰጧት የሚገባት ሰው እንዳልሆነች ይሰማት ነበር።

ኡልፋር ግን አሁንም አጥሩ ላይ ይቆማል። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

«ጨረስሽ ማለት ነው?»

«ጨረስኩ። ዝግጁ ነው።»

«ሌላ የምትይኝ ነገር የለም?»

 «ቁስሉን አየር ማረፊያ ስትደርሱ እይለት» አለች። ኡልፋር ራሱን ነቅንቆ ሄደ፤ እሷም ያን ዕለት ራት አልበላ አላት።

ከአገር የሚወጣ ፈረስ ሲጫን ጎረቤት መጥቶ ጋማውን ዳብሶ መሸኘት በሸለቆው የኖረ ነገር ነው። ስለዚህ በሚያዝያው ማለዳ፣ ዝናብ የቀላቀለ በረዶ እየጣለ፣ ግቢው በሰው ሞላ። ጎረቤታቸው ግሪሙርና ሚስቱ ስቫላም መጡ፤ ስቫላ ከኡልፋር ጋር ዓሣ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ኡልፋር የቶርጌርን ጂፕ ተውሶ ተጎታቹን አያይዟል። ሁሉም ተራ በተራ ፍሎኪን ዳበሱት። አንዳንዶቹ ዮሩንን አስታውሰው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዳግኒ ገመዱን ያዘች። ፍሎኪ ከእሷ እኩል ተራመደ፤ መወጣጫው ድም አለ፤ ገባ። ብረቱ ተዘጋ። ፈረሱ ድርቆሹን ገመጠ።

«ኧረ ይሄ ፈረስ ከኔዋ ይሻላል!» አለ ግሪሙር። «ስቫላን መኪና ውስጥ ለማስገባት ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው!»

ሰው ሳቀ። ስቫላ በጓንቷ ትከሻውን አቀመሰችው። ኡልፋር ሁሉንም እየዞረ ጨበጠ፤ ቶርጌርን ጨበጠ። ዳግኒ ጋ ሲደርስም እጁን ዘረጋ።

«አመሰግናለሁ። ጎበዝ ነሽ።»

ዳግኒ እጁን አየችው። ይህን እጅ እንደማንኛውም ሰው ጨብጣ ብትሸኘው ሁለተኛ ጊዜ መካዷ ነው። 

«አልጨብጥህም» አለች።

ሳቁ ቀጥ አለ። የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልሸሸችም።

«ስሙኝ» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። ድምፁ የሷ አልመስል አላት። «መስከረም ላይ፣ በረቱ ጋ፣ አንዲት ሴት ኡልፋር ምንሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ፈረስ ስንጭን የሚያግዘን ልጅ ነው አልኳት። ዋሸሁ። እወደዋለሁ። ያኔም እወደው ነበር። ከፋብሪካ መጥቶ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት አፈርኩበት። እሱ እየሰማኝ ነው ያልኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ፈረሶቻችንን ጭኖልን ሄደ።»

 ስቫላ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዓሣ ዓሣ ይሸታል ነው ያልሺው?»

«አዎ።»

«እኔም እኮ እሸታለሁ፣ ልጄ። እናትሽም ሳታገባ በፊት ትሸት ነበር፤ አጠገቤ ነበር የምትቆመው።»

ዳግኒ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አባቷ ኮፍያውን አውልቆ፣ በረዶው ራሰ በራው ላይ እየወረደ፣ ወደ እሷ ቀረበ።

«ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ነኝ እንዴ የከለከልኩሽ?»

«አልከለከልከኝም አባዬ። ማንም አልከለከለኝም። እኔው ነኝ።»

ይህን ስትል ነው እንባዋ የመጣው። የምታመካኝበት ሰው ቢኖር እንኳ ትንሽ በቀለላት ነበር። ኡልፋር የዘረጋውን እጅ አጠፈ። ፊቱ ገርጥቷል።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አላት በቀስታ። «ፈረሱ ከተጫነ በኋላ?»

«ቀድሜ ብናገር አትሽጠው እንዳልኩህ ይቆጠራል ብዬ... ምን መብት አለኝ ብዬ ነው።»

«አጥሩ ላይ የቆምኩት ለምን ይመስልሻል? ፈረስ ሲሠለጥን አይቼ የማላውቅ ሆኜ ነው?» ድምፁ ተሰበረ። «በሩ ላይ የመጣሁ ቀን 'ተው' ትይኛለሽ ብዬ ነበር። ያኔ ገና አልፈረምኩም፤ ሸጥኩት ያልኩሽ እልህ ይዞኝ ነው። 'እሺ፣ አምጣው' ስትይኝ በማግስቱ ሄጄ ፈረምኩ። ከፈረምኩም በኋላ ጠበቅኩሽ። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው። አንቺ ግን በየቀኑ እየባሰብሽ ጎበዝ ሆንሽ። እንድሄድላት እንዴት ብትቸኩል ነው አልኩ።»

ዳግኒ አፏን በእጇ ያዘች። ያኔ፣ በሩ ላይ፣ ፍሎኪ ገና አልተሸጠም ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ዛሬ ሜዳው ላይ ይግጥ ነበር።

«አሁን ብልህስ? ተው ብልህስ?»

«አሁን ፈርሜያለሁ። ቃሌን አላጥፍም፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር እንዳጥፍ አትፈቅድልኝም ነበር። ፍሎኪ ይሄዳል።» ከዚያ የተጎታቹን ትንሹን የጎን በር ከፈተላት። «ግቢና ተሰናበቺው።»

ገባች። ውስጡ ድርቆሽና የፈረስ ላብ ይሸታል። ፍሎኪ እንዳያት አፍንጫውን ደረቷ ላይ አሳረፈና በረጅሙ ተነፈሰ። አይፈራም። ከእሷ ጋር ስለሆነ አይፈራም።

«ይቅርታ» አለችው። «ይቅርታ አድርግልኝ።» 

ኡልፋር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሲያያቸው ቆይቶ እጁን ዘርግቶ በእንባ የራሰ ጉንጯን ጠረገላት፤ ሰው ሁሉ እያየ።

«አደርሰዋለሁ። በረቱን እስኪለምድ አብሬው እቆያለሁ» አላት። «ከዚያ እመጣለሁ።»

«ሥራውስ?»

«ሥራ የትም አለ። እኔ እመጣለሁ፣ ዳግኒ። እሱ ግን አይመለስም። ይሄን ሁልጊዜ አብረን እናውቀዋለን፤ ከቻልሽ ይሄን ይዘሽ ጠብቂኝ።»

«እጠብቅሃለሁ» አለች፣ ውጪ የቆመው ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

ጂፑ ተነሳ። ስቫላ መጥታ ከጎኗ ቆመችና ክንዷን በክንዷ አቆላለፈች። ዳግኒ እንደምትወደድ እያወቀች፣ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ተጎታቹ ጭቃው ውስጥ እየተናጠ ወደ ታች ወረደ፤ ድልድዩን ተሻገረ። አንዴ ቢያሽካካ፣ አንዴ ግድግዳውን ቢረግጥ ብላ ጆሮዋን አቆመች። ፍሎኪ ድምፁን አላሰማም። አምኗት፣ ጸጥ ብሎ ሄደ።